የቦታ ዝንጉርጉርነትን በየትኛው ዘዴ እናጥና? የንጽጽር መመሪያ

በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ የኩላሊት ካንሰር ጥናት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ተመራማሪዎቹ ከዕጢው አንድ ቁራጭ ወስደው አልቆሙም። ከአንዱ ሕመምተኛ ዕጢ የተለያዩ ቦታዎች ብዙ ቁራጮች ወሰዱ። የእያንዳንዱንም ዘረመል ለየብቻ አነበቡ። ካገኟቸው ሚውቴሽኖች ከ63 እስከ 69 በመቶ የሚሆኑት በሁሉም ቁራጮች ውስጥ አልተገኙም። እንግዲህ መርፌው ትንሽ ወዲያ ቢያርፍ ኖሮ ስለዚያው ዕጢ ሌላ ታሪክ ይነበብ ነበር ማለት ነው።

የቦታ ዝንጉርጉርነት የሚባለው ይህ ነው፤ አንድ ነገር ከቦታ ቦታ ወጥ አለመሆኑ። አፈሩ ዝንጉርጉር ነው። ደኑ፣ ከርሰ ምድሩ፣ የበሽታው ስርጭት፣ የሰው ገቢ፣ የጋላክሲዎች አቀማመጥ ሁሉ እንደ ነብር ቆዳ ነው። አማካይ ደግሞ ይህን ሁሉ አንድ ቀለም ይቀባዋል። የነብርን ቆዳ አማካይ ቀለም ብታወጡ የደበዘዘ ቡናማ ታገኛላችሁ። ነብሩ ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ይህን ጉዳይ የሚያጠኑ ሰዎች በየዘርፉ ተበታትነዋል። የማዕድን መሐንዲሱ የራሱ ዘዴ አለው። የደን ተመራማሪውም፣ የበሽታ ስርጭት አጥኚውም፣ ኢኮኖሚስቱም እንደዚሁ። ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ዘዴ ሲመርጥ ብዙውን ጊዜ አማካሪው የሚያውቀውን ይወስዳል። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ዘዴ በትምህርት ክፍሉ ስም መመረጥ የለበትም። መመረጥ ያለበት እጅ ላይ ባለው መረጃ ቅርጽና በጥያቄው ነው። ለወርቅ ማዕድን የተፈለሰፈው ዘዴ ለአፈር አሲዳማነት በደንብ ይሠራል። የዛፎችን አቀማመጥ ለማጥናት የሚያገለግለው ደግሞ ዛሬ በማይክሮስኮፕ ሥር የካንሰር ሴሎችን አቀማመጥ ያጠናል።

ስለዚህ መጀመሪያ መረጃችሁን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ከአራት ቅርጾች አንዱ ነው። በተወሰኑ ነጥቦች ላይ የለካችሁት ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ በአፈር ውስጥ ያለ ናይትሮጅን። ወይም መረጃው ነጥቦቹ ራሳቸው ናቸው፤ ዛፍ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም። ወይም በአስተዳደር ክልል ተደምሮ የመጣ ቁጥር ነው። ወይም ደግሞ ደን፣ እርሻ፣ ውሃ እየተባለ በቀለም የተከፋፈለ ካርታ ነው። አራቱም የየራሳቸው መሣሪያ አላቸው። አንዱን ለሌላው ብትጠቀሙ ኮምፒዩተሩ አይከለክላችሁም፤ ቁጥር ያወጣላችኋል። አደጋውም እሱ ነው።

ቁጥሩ በነጥብ ላይ ሲሆን

ዳኒ ክሪግ የደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሐንዲስ ነበር። በ1951 ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፉ አንድ ችግር ይዞ ተነሣ። በዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ናሙናዎች ወርቅ ይበዛበታል ያሉት ክፍል ሲቆፈር ከተገመተው ያነሰ ይሰጣል። ድሃ ነው የተባለው ደግሞ ከተገመተው የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ክሪግ የአካባቢውን ናሙናዎች እየመዘነ ግምቱን የሚያርምበት መንገድ አበጀ። በ1960ዎቹ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዦርዥ ማተሮን ሐሳቡን በሒሳብ አደላደለው። ዘዴውንም በክሪግ ስም ክሪጊንግ አለው።

የዘዴው ልብ ቫሪዮግራም ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ነጥቦቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ትወስዳላችሁ። በመካከላቸው ያለውን ርቀትና የቁጥራቸውን ልዩነት ታሰላላችሁ። ርቀቱ ሲጨምር ልዩነቱ እንዴት ያድጋል? መልሱ አንድ ኩርባ ሆኖ ይወጣል። ኩርባው ከዜሮ ርቀት አጠገብ የሚነሣበት ከፍታ ነጌት ይባላል። ስሙ ከወርቅ እንክብል የመጣ ነው፤ ሁለት ናሙና ጎን ለጎን ብትወስዱ እንኳ አንዱ ውስጥ እንክብል ሊገባ፣ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። የመለኪያ ስህተትም እዚሁ ይደመራል። ከዚያ ኩርባው ይወጣ ይወጣና አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። የሚረጋበት ርቀት ሬንጅ ይባላል። ከዚያ ርቀት ወዲያ ያለ ነጥብ ስለዚህኛው የሚነግረን ነገር የለም።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር ብቻ ያዝ ብባል ሬንጁን እይዛለሁ። የሚቀጥለውን ናሙና በስንት ሜትር ርቀት መውሰድ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ታዲያ ክሪጊንግ ሁልጊዜ ይሻላል? አይደለም። ቀለል ያለው አማራጭ በርቀት ብቻ የሚመዝነው ዘዴ ነው። የቅርቡን ነጥብ ብዙ፣ የሩቁን ጥቂት ይሰማል። ቫሪዮግራም አይፈልግም፣ በደቂቃ ይጠናቀቃል። ናሙናችሁ 30 ወይም 40 ከሆነ እሱን ብትጠቀሙ አልፈርድባችሁም። አስተማማኝ ቫሪዮግራም ለማውጣት ብዙ ባለሙያዎች 100 ያህል ነጥብ ይመክራሉ። በእያንዳንዱ የርቀት ክፍል ደግሞ ቢያንስ 30 ጥንድ እንዲኖር ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ከሆነ ኩርባው ይዋዥቃል። ክሪጊንግ በምትኩ የሚሰጣችሁ ነገር አለ፤ ግምቱ የቱ ጋ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ያሳያል። ግን እዚህም ላይ ተጠንቀቁ። ያ የእርግጠኝነት ካርታ የሚመነጨው ከቫሪዮግራሙና ከነጥቦቹ አቀማመጥ ነው። አካባቢው በተለየ ሁኔታ የተዘበራረቀ ቢሆን አያውቅላችሁም።

ሌላም ድክመት አለው። ክሪጊንግ ያለሰልሳል። ከፍታው ዝቅ፣ ዝቅታው ከፍ ይላል። ለአፈር ካርታ ይህ ብዙ አይጎዳም። በከርሰ ምድር ውሃ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ውሃ በጠጠር ውስጥና ስንጥቅ በሌለው አለት ውስጥ የሚያልፍበት ቅለት እስከ 10 ትሪሊዮን እጥፍ ይለያያል። ብክለት በአማካይ ፍጥነት አይሄድም። ቀጭን የጠጠር መስመር ካገኘ በዚያ ይፈተለካል። የለሰለሰው ካርታ ያን መስመር ያጠፋዋል። ካርታው ላይ ብክለቱ ገና ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ግን ደርሷል።

በዚህ ላይ የምወደው ሙከራ በ1982 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ቦርደን በሚባል ቦታ የተጀመረው ነው። ተመራማሪዎች 12 ሜትር ኩብ ያህል መከታተያ ንጥረ ነገር ያለበት ውሃ አሸዋማ መሬት ውስጥ ጨመሩ። ጉዞውን በሺዎች በሚቆጠሩ መቅጃ ነጥቦች ተከታተሉ። ከዚያ ከ32 ቦታ አሸዋውን በቱቦ አውጥተው ውሃ የማሳለፍ አቅሙን ለኩ። ናሙናዎቹ እርስ በርስ የሚመሳሰሉበት ርቀት ወደ ጎን 2.8 ሜትር ያህል ሆነ። ወደ ታች ግን 0.12 ሜትር ብቻ! ወጥ ከሚባሉት አሸዋዎች አንዱ ነው እንግዲህ ይሄ። ከዚህ የምትወስዱት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቫሪዮግራም ስታወጡ በየአቅጣጫው ለየብቻ አውጡት። ሁለተኛ፣ ጥያቄያችሁ ስለ ፍሰት ከሆነ አንድ የለሰለሰ ካርታ ይዛችሁ አትቀመጡ። ያንኑ ቫሪዮግራም የሚያከብሩ ብዙ ካርታዎችን በሲሙሌሽን አውጡ። ሸካራነቱ የሚመለሰው እንደዚያ ነው።

መረጃው ነጥቡ ራሱ ሲሆን

እዚህ ላይ ሁለት ዘዴዎች ይፎካከራሉ። አንዱ በ1954 ክላርክና ኢቫንስ ያቀረቡት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቅርብ ጎረቤቱ ያለውን ርቀት ወስዶ፣ ነጥቦቹ በዘፈቀደ ቢበተኑ ከሚጠበቀው ጋር ያነጻጽራል። አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ተጠጋግተዋል ወይስ ተራርቀዋል። ሁለተኛው ብራያን ሪፕሊ በ1970ዎቹ ያበጀው የሪፕሊ ኬ ነው። ይህ በእያንዳንዱ ርቀት ላይ ለየብቻ ይጠይቃል። በ2 ሜትር ውስጥ ስንት ጎረቤት አለ? በ20 ሜትር ውስጥስ?

ነጥባችሁ ከ100 በላይ ከሆነና ሙሉ ካርታ ካላችሁ ሪፕሊን ምረጡ። ምክንያቱም ዛፎች በቅርብ ርቀት እየተሻሙ ተራርቀው፣ በሰፊው ስታዩአቸው ግን በቡድን በቡድን የቆሙ ሊሆኑ ይችላሉ። የአንድ ቁጥር ዘዴ ይህን አያይም። መስክ ላይ ሁሉንም ዛፍ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ግን የቅርብ ጎረቤት ርቀት በቂ ነው። የምትለኩት ጥቂት ነው፣ ገንዘብም ይቆጥባል።

ሙሉ ካርታ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ፓናማ ውስጥ ያለችውን ባሮ ኮሎራዶ ደሴት መመልከት ነው። 50 ሄክታር ደን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየጊዜው ይቆጠራል። ግንዱ 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ዛፍ ሁሉ ቦታው ተመዝግቧል። በዚህ መረጃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አብዛኞቹ የዛፍ ዝርያዎች በዘፈቀደ እንዳልተበተኑ፣ ተሰባስበው እንደሚገኙ አሳይተዋል።

ግን ለምን ተሰባሰቡ? ይህ የዘርፉ ትልቁ ወጥመድ ነው። ዛፎቹ አንድ ቦታ የበዙት አፈሩ ስለተስማማቸው ሊሆን ይችላል። ወይም ፍሬው ከእናት ዛፉ ሥር ስለሚወድቅ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካርታ ሊሰጡ ይችላሉ። ካርታውን ብቻ አይታችሁ አትለዩአቸውም። የአፈር መረጃ ወይም የሌላ ጊዜ ቆጠራ ያስፈልጋችኋል። ይህን ሳይጠቅስ «ዛፎቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ» ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ ሳይ ያናድደኛል።

በበሽታ ጥናት ላይ ወጥመዱ ሌላ ስም አለው፤ የሕዝብ ብዛት። በ1854 ጆን ስኖው በለንደን ብሮድ ስትሪት ዙሪያ በኮሌራ የሞቱትን ካርታ ላይ አስቀመጠ። ሞቱ በአንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችቶ ታየ። ነገር ግን ሰው በበዛበት ሰፈር ማንኛውም በሽታ ይከማቻል። ስኖው ታማሚዎቹ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ቤተሰቡን እየጠየቀ ያረጋገጠው ለዚህ ነው። የእናንተ ነጥቦች ታማሚዎች ከሆኑ የሪፕሊን ኬ ብቻውን አትጠቀሙ። ጤነኞቹንም በናሙና ወስዳችሁ አነጻጽሩ። ወይም በ1997 ማርቲን ኩልዶርፍ ያቀረበውን የስካን ዘዴ ተጠቀሙ። እሱ መጠኑ በሚለዋወጥ ክብ መስኮት ካርታውን እየቃኘ፣ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ታማሚ ከሚጠበቀው በላይ የሆነበትን ቦታ ይፈልጋል።

ቁጥሩ በክልል ተደምሮ ሲመጣ

ብዙ የማኅበራዊና የጤና መረጃ የሚመጣው እንዲህ ነው። የታወቀው መሣሪያ አውስትራሊያዊው ፓትሪክ ሞራን በ1950 ያቀረበው የሞራን አይ ነው። ጎረቤታሞች ከተመሳሰሉ ወደ 1 ይጠጋል። በዘፈቀደ ከሆነ ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ይላል። የጊሪ ሲ የሚባለው በ1954 የመጣ ሲሆን በጎረቤታሞች መካከል ያለውን ልዩነት በቀጥታ ይለካል። በሁለቱ መካከል ለመምረጥ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ድምዳሜ ያደርሳሉ።

ምርጫው የሚከብደው በጠቅላላና በአካባቢያዊ መካከል ነው። ጠቅላላው ሞራን ለአገሩ ሁሉ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ስለ ዝንጉርጉርነት የሚያጠና ሰው በአንድ ቁጥር ማለቁ ግን እንግዳ ነገር ነው። ሉክ አንሰሊን በ1995 ያቀረበው አካባቢያዊ ሞራን ለእያንዳንዱ ክልል የራሱን ቁጥር ያወጣል። ከእሱ ጎን በ1992 ጌቲስና ኦርድ ያቀረቡት ጂ አለ። ልዩነታቸውን እንዲህ አስታውሱት። ጂ ትኩስና ቀዝቃዛ ቦታዎችን፣ ማለትም ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ ቁጥሮች የተሰባሰቡባቸውን፣ ብቻ ይለያል። አካባቢያዊ ሞራን ከዚያ ሌላ፣ በድሆች መካከል የቆመውን ሀብታም ክልል፣ በሀብታሞች መካከል የቀረውን ድሃ ክልልም ያሳያል። ጥያቄያችሁ «ጣልቃ የምገባው የት ነው?» ከሆነ ጂ ይበቃል። «ከአካባቢው ያፈነገጠው ማነው?» ከሆነ ሞራን ይሻላል። ሁለቱም ላይ ግን ክልሎቹ 500 ከሆኑ 500 ፈተና እያደረጋችሁ ነው። በ5 በመቶ መስፈርት 25 ያህሉ እንዲሁ በአጋጣሚ «ትኩስ» ሊወጡ ይችላሉ። ማረሚያ ሳታደርጉ ካርታውን ለማንም አታሳዩ።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ድንበሩ ነው። የክልሉን ድንበር ያሰመረው ተፈጥሮ አይደለም፣ አስተዳደር ነው። በ1979 ኦፐንሾውና ቴይለር የአሜሪካዋን አዮዋ 99 ካውንቲዎች ወሰዱ። የአረጋውያንን ብዛትና የአንድ ፓርቲ መራጮችን ብዛት አዛመዱ። ከዚያ ካውንቲዎቹን በተለያየ መንገድ እያቧደኑ ደጋግመው አሰሉ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ድምፁም ያው ነው። ተዛምዶው ግን እንደ አቧዳደኑ ከጠንካራ ኔጌቲቭ እስከ ጠንካራ ፖዘቲቭ ይሄዳል።

ሌላው የሮቢንሰን የ1950 ጥናት ነው። በአሜሪካ የ1930 ቆጠራ መሠረት፣ በግዛት ደረጃ ሲታይ የውጭ ተወላጅ በበዛበት ግዛት ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያንሳል። ተዛምዶው −0.53 ነው። በግለሰብ ደረጃ ሲታይ ግን ይገለበጣል፤ +0.12። ስደተኞቹ የሰፈሩት የአገሬው ሰው የተሻለ በተማረባቸው ግዛቶች ስለነበረ ነው። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የግለሰብ ወይም የነጥብ መረጃ ማግኘት ከቻላችሁ አትደምሩት። ካልቻላችሁ ደግሞ ስሌቱን በሁለት ወይም በሦስት የድንበር ደረጃ ደግሙት። ውጤቱ የሚገለበጥ ከሆነ አንባቢው ማወቅ አለበት።

በቀለም የተከፋፈለ ካርታ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የመልክዓ ምድር መለኪያዎችን የሚያሰላው የታወቀ ፕሮግራም ፍራግስታትስ ነው፤ በ1995 የወጣ። በአሥሮች የሚቆጠሩ መለኪያዎችን በአንድ ጊዜ ይተፋል። ብዙዎቹ አንድኑ ነገር በተለያየ ስም የሚለኩ ናቸው። ሦስት ወይም አራት ይበቃችኋል። አንድ ነገር ብቻ ለዩ፤ ምን ያህል ዓይነት አለ የሚለውና እንዴት ተቀምጧል የሚለው የተለያዩ ናቸው። የዳማ ሰሌዳ አስቡ። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ነው። ሌላ ሰሌዳ ደግሞ ግራው ሙሉ ጥቁር፣ ቀኙ ሙሉ ነጭ ይሁን። የዓይነቶችን ብዛትና ድርሻ ብቻ የሚያየው የሻነን መለኪያ ለሁለቱም እኩል ቁጥር ይሰጣል። ከጥቁሩ ወደ ጥቁሩ መሻገር ለሚፈልግ እንስሳ ግን ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። ስለዚህ ከዓይነት መለኪያው ጋር የጠርዝ ርዝመትን ወይም የቁራጭ ስፋትን አብራችሁ ያዙ።

ግንኙነቱ ራሱ ከቦታ ቦታ ሲለያይ

አንዳንዴ የሚለዋወጠው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ዝናብ ምርትን የሚጨምርበት መጠን እዚህና እዚያ አንድ ላይሆን ይችላል። ለዚህ በ1996 ብሩንስደን፣ ፎዘሪንግሃምና ቻርልተን ጂኦግራፊያዊ ክብደት ያለው ሪግሬሽን አቀረቡ። ሪግሬሽን አንዱ ነገር ሲለወጥ ሌላው ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚገምት ስሌት ነው። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የቅርቡን ነጥቦች ይበልጥ እየመዘነ የራሱን እኩልታ ያወጣል። የሚያምር ካርታ ይሰጣል። ካርታው በጣም ስለሚያምር ነው የምፈራው። ተለዋዋጮቹ እርስ በርስ ከተዛመዱ ቁጥሮቹ ያለ ምክንያት ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላሉ። ለመቃኘት ተጠቀሙበት፤ ለማረጋገጥ ግን ብቻውን አትመኑት።

አካባቢው አስቀድሞ በሚታወቁ ቀጠናዎች ከተከፈለ፣ ለምሳሌ በአየር ንብረት ወይም በአለት ዓይነት፣ የቀጠና ልዩነትን የሚለካው ዘዴ ይሻላል። ጂኦዲቴክተር ይባላል፤ በ2010 በዋንግ ጂንፌንግና ባልደረቦቹ የቀረበ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከጠቅላላው ልዩነት ምን ያህሉን ቀጠናዎቹ ያብራራሉ? መልሱ ከ0 እስከ 1 ነው። ለማስረዳት ቀላል ነው፣ ቀጥተኛ መስመርም አይጠይቅም። ድክመቱ ቀጠናውን እንዴት እንደከፈላችሁ መልሱን መወሰኑ ነው።

ስንት ሜትር፣ ስንት ማይክሮ ሜትር

ዘዴውን ከመረጣችሁ በኋላ ስኬል፣ ማለትም የማየያው ስፋት፣ ይመጣል። በእርግጥ ቀድሞ መምጣት ነበረበት። ሳይመን ሌቪን በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ ለሥነ ምህዳር ሰዎች ያስገነዘበው ይህንን ነው፤ ንድፉን ለማየት ብቸኛ ትክክለኛ የሚባል ስኬል የለም። አጽናፈ ዓለም ራሱ በጋላክሲዎች ደረጃ ጉብታና ባዶ ነው። በ300 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ስፋት ስታዩት ግን ወጥ ወደ መሆን ይሄዳል። ዝንጉርጉር ነው ወይስ ወጥ ነው የሚለው መልስ በማየያው ስፋት ይወሰናል።

ሁለት ነገር ወስኑ፤ የምታዩትን ትንሹን ቅንጣትና ጠቅላላውን ስፋት። ቅንጣቱ ከምትፈልጉት ቁራጭ በብዙ ማነስ አለበት። ስፋቱ ደግሞ ከሬንጁ ብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት። የሳተላይት ምስል ስትመርጡ ሞዲስ 250 ሜትር፣ ላንድሳት 30 ሜትር፣ ሴንቲኔል-2 ደግሞ 10 ሜትር ፒክስል ይሰጣል። የጥቂት መቶ ካሬ ሜትር ማሳዎችን በሞዲስ ማየት አይቻልም። በ10 ሜትር ሁሉንም ነገር ማየትም ሁልጊዜ ጥቅም የለውም። ሞዲስ በየቀኑ ያያል። ሴንቲኔል-2 በሁለት ሳተላይት በ5 ቀን አንዴ ነው። ሰብል በፍጥነት ሲለዋወጥ ወይም ደመና ሲበዛ ድግግሞሹ ከጥራቱ ሊበልጥ ይችላል።

ይኸው ሽሚያ በሴል ደረጃም አለ። ሴሎችን አንድ በአንድ ለያይቶ ጂናቸውን ማንበብ ዝርዝር ይሰጣል፤ ግን ሴሉ የት እንደነበረ ይጠፋል። በ2016 የታተመው የቦታ ትራንስክሪፕቶሚክስ፣ ማለትም የትኞቹ ጂኖች የት እንደሚሠሩ የሚያነበው ዘዴ፣ ሥጋውን በቁራጭነቱ እያለ ያነባል። የመጀመሪያው ቅጂ ነጥቦቹ 100 ማይክሮ ሜትር ስፋት ነበራቸው። በአንድ ነጥብ ውስጥ ብዙ ሴሎች ይገባሉ ማለት ነው። በምስል ላይ የተመሠረቱት እንደ መርፊሽ ያሉት ደግሞ እያንዳንዱን ሞለኪውል በቦታው ያያሉ፤ ግን የምታዩዋቸውን ጂኖች አስቀድማችሁ መምረጥ አለባችሁ። ምን እንደምትፈልጉ ካላወቃችሁ የመጀመሪያውን ያዙ። ካወቃችሁ ሁለተኛውን።

መለኪያ ሳይሆን ሙከራ የሚያስፈልግበት ጊዜ

እስካሁን ያነሣኋቸው ሁሉ ዝንጉርጉርነቱን ይለካሉ። ምን እንደሚያደርግ ግን አይነግሩም። ለዚያ ሀፋከር በ1958 ያደረገውን አስቡ። ብርቱካን የሚበሉ ሚት የተባሉ ጥቃቅን የሸረሪት ዘመዶችንና እነሱን የሚበላ ሌላ የሚት ዓይነት በትሪ ላይ አኖረ። አቀማመጡ ቀላል ሲሆን አዳኙ ታዳኙን ፈጅቶ ራሱም በረሃብ አለቀ። ከዚያ 252 ብርቱካን ደረደረ፣ መንገዱን በቫዝሊን እያጠረ ውስብስብ አደረገው። ታዳኞቹ በአየር ተንሳፍፈው የሚሸሹባቸውን ትናንሽ የእንጨት ምሰሶዎች ጨመረ። አሁን ሁለቱም ሦስት ጊዜ ያህል በዝተው፣ አንሰው፣ እንደገና በዝተው ቆዩ። ልዩነቱን ያመጣው ቦታው ነው። ይህን ማንኛውም ሞራን ወይም ቫሪዮግራም ብቻውን አያሳይም። ጥያቄያችሁ «ዝንጉርጉርነቱ ምን ያስከትላል?» ከሆነ ሙከራ ወይም የሒሳብ ሞዴል ፈልጉ።

በመጨረሻ ስለ ፈተናና ስለ ናሙና። የማሽን ለርኒንግ ካርታ የምትሠሩ ከሆነ መፈተኛ ነጥቦቻችሁን በዘፈቀደ አትነጥሉ። መፈተኛው ነጥብ ከማሠልጠኛው 50 ሜትር ርቆ፣ ሬንጁ ደግሞ 500 ሜትር ከሆነ፣ ሞዴሉ የሚገለብጠው ጎረቤቱን ነው። ውጤቱ ያማረ ይመስላል። ቦታውን በትልልቅ ብሎክ ከፍላችሁ፣ ሙሉ ብሎክ እያስቀራችሁ ፈትኑ።

ናሙናው ገና ካልተሰበሰበና ገንዘቡ ለ40 ብቻ ከበቃ፣ እኔ ብሆን 40ውንም በእኩል ርቀት አልደረድርም። 28ቱን በሥርዓት እበትናለሁ። የቀሩትን 12 ከእነሱ ከአንዳንዶቹ አጠገብ፣ በ1 ሜትር፣ በ3 ሜትር፣ በ10 ሜትር አስቀምጣለሁ። በእኩል ርቀት ብቻ የተወሰደ ናሙና ከዚያ ርቀት በታች ስለሚሆነው ምንም አያውቅም። አጠገብ ለአጠገብ ያሉት 12ቱ ናቸው ልዩነቱ ከእግራችሁ ሥር ይጀምር ወይም ራቅ ብሎ ይጀምር የሚያሳዩት። ለሁለተኛው ዙር ገንዘብ ሲገኝ ናሙናው በስንት ሜትር ይወሰድ የሚለውም ከእነሱ ይነበባል።